በቀን የተወራች ዘንዶ

ባለፈው የፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳጥፍ፣ የልጄ ልጅ ሶልያና ሶፋው ላይ በደረቷ ተኝታ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ታነባለች። የምንኖርበት በርገን ነሐሴም ዝናብ ነው፣ ጥቅምትም ዝናብ ነው። የእኛ አገር ክረምት መጥቶ፣ አስፈራርቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል፤ የዚህ አገሩ ግን እንደ ቤተሰብ አብሮ ይኖራል። ልጆቹም ለምደውት መጽሐፋቸውን ይዘው ይከርማሉ። የመጽሐፉን ሽፋን ሳየው እጄ ሳላዘው አማተበ። ክንፍ ያለው ዘንዶ ነው፤ ከአፉ እሳት ይወጣል፤ ጀርባው ላይ ጸጉሯ የተበተነ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች።

ሶልያና ሳቀችብኝ። «አያቴ አትፍሪ» አለች፣ በዚያ በሚጣፍጠኝ ስብርብር አማርኛዋ። «ጥሩ ዘንዶ ናት። ጓደኛዋ ናት።»

«የማን ጓደኛ?»

«የልጅቷ። ሁለቱም ብቻቸውን ነበሩ። አሁን ሁለት ሆኑ።»

ነጠላውን አጥፌ ጨርሼ እንደገና ፈታሁትና እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዘንዶ የቤተ ክርስቲያናችን ነው። ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብላ በምትገኘው መንደራችን፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ሰማዕቱ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ይወጋዋል። ከጎኑ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ታያለች። የእናቴን የነጠላ ጫፍ ይዤ ስቆም ዓይኔ ወደ ፈረሱ አይሄድም ነበር፤ ወደ ልጅቷ ነበር የሚሄደው። ማን አወጣት? መቼ ትወርዳለች? እያልኩ ቅዳሴው ያልቃል።

«ምን እያሰብሽ ነው?» አለችኝ ሶልያና።

«ዘሀራን» አልኳት።

ዘሀራ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚህ በታች ያለው ለእሷ የነገርኳት ነው፤ እሷ የማትረዳውን፣ የአገሬ ሰው ግን የሚረዳውን ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ።

አገራችን ቆላ ነው። ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው፣ አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ኮቱን፣ በመጨረሻም ወሬውን እያወለቀ ነው ሸዋ ሮቢት የሚደርሰው። ሙቀቱ ዝም ያሰኘዋል። እኛ ግን በሙቀቱ ውስጥ ስለተወለድን አንደበታችን አይደክምም። የሮቢ ወንዝ በየቦዩ ወደ ማሳው ይገባል፤ በአንዱ በኩል ሽንኩርት፣ በሌላው ፓፓያና ሎሚ፣ ከዚያ ባሻገር ዓይን እስኪደክም ማሽላ። ጥቅምት ሲገባ ማሽላው ራሱን ያወጣል፤ ያኔ ከአዋሽ በኩል ግሪሳ ይመጣል።

ግሪሳን ያላየ ሰው ትንሽ ወፍ ናት ብሎ ይንቃታል። አንዷ ወፍ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም፤ ነገር ግን ብቻዋን መጥታ አታውቅም። እንደ ደመና ነው የሚመጡት፣ እንደ ደመና የጸሐይን ብርሃን ይጋርዳሉ፣ ያረፉበት ማሳ ራሱ እስኪሰግድ ይጎነበሳል፤ ሲነሱ አገዳ ብቻ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ በየማሳው ማማ ይሠራል። አራት ባላ ተተክሎ፣ በላዩ እንጨት ተረብርቦ፣ ለጥላ የደረቀ አገዳ ይለብሳል። ወፍ ጠባቂው ጅራፉንና ወንጭፉን ይዞ ከንጋት ጀምሮ እዚያ ላይ ይውላል።

የኔን ማማና የዘሀራን ማማ የሚለያቸው አንድ ቦይ ነበር። አባቷ ጋሽ ይመርና አባቴ ከአንድ ቦይ ውሃ ተራ ይካፈላሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ማሳውን ያጠጣለታል። እኛም እኩዮች ነበርን፤ ጡታችን ሲያጎጠጉጥ አንድ ላይ ያፈርን፣ የመጀመሪያውን ረጅም ቀሚስ ስንለብስ ቁርጥማት እንዳለበት ሽማግሌ መሄድ ያቃተን። እሷ ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፅዋ እንደ ጅራፍ የሚሰማ ነበረች። እኔ እናቴ እንደምትለው «እርምጃዋን ለክታ የምትረግጥ» ነበርኩ። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ግሪሳ ጠዋትና ማታ እንጂ ቀትር ላይ አይወርድም፤ እሱም እንደ ሰው ጥላ ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት ከማማችን ወርደን ቦዩ ዳር ካለችው ሾላ ሥር እንገናኛለን። የማሽላ እሸት እንጠብሳለን፣ በመዳፋችን አሽተን አመዱን እፍ ብለን እንቅማለን። ከእኔ ቤት ሥጋ ወደ እሷ ቤት አይሄድም፣ ከእሷም ወደ እኔ፤ እሸት ግን፣ ዘሀራ እንደምትለው፣ አላህ ሳያርደው የሰጠን ስለሆነ የሁላችንም ነው። ረቡዕና ዓርብ እኔ ስጾም እሷም አትበላም ነበር። «አንቺ እያየሽኝ ጉሮሮዬ አይከፈትም፤ ጉሮሮዬ ካልተከፈተ ደግሞ ወሬው አይወጣም» ትለኛለች።

ወሬው ነው እንግዲህ ነገሩ።

በእኛ አገር ተረት በቀን አይነገርም። ቀን ተረት ያወራ መንገድ ይጠፋበታል ይባላል። እናቴ አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ጸሐይ ሳትጠልቅ «አንድ ንጉሥ ነበር» ሲል ሰምታ አፉን በመዳፏ ከደነችው። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ያው ነበር፤ ጋሽ ይመርም ልጆቹን በዚሁ ይቆጣ ነበር። ታዲያ ዘሀራ ሆዷ በተረት የተሞላ ልጅ፣ ከንጋት እስከ ማታ ማማ ላይ ስትውል ምን ትሁን? ዘዴ ፈጠረች።

አንድ ቀትር እሸቱን እያሸች፣ ፊቷን እንደ ገበያተኛ ኮስተር አድርጋ፣ «ወሬ ሰምተሻል?» አለችኝ።

«የምን ወሬ?»

«ትናንት ነው አሉ። ከዚህ ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚገደብበት፣ አንዲት ወፍ ጠባቂ ልጅ የዘንዶ ግልገል አግኝታ በቅል ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።»

«ዘሀራ፣ ተረት ነው ይሄ» አልኳት፣ ሰማዩን እያየሁ። ጸሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

«ወላሂ ተረት አይደለም። ተረት ‹ነበር› ይላል። እኔ ትናንት ነው ያልኩሽ።»

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ ከትናንት የመጣ ወሬ አለ። ልጅቷ ግልገሏን በፍየል ወተት አሳደገቻት። ዘንዶዋ ከቅል ወደ እንስራ፣ ከእንስራ ወደ ቦይ ተዛወረች። ቦዩም ጠበባት። ሰው ሁሉ ሲፈራት ልጅቷ ግን «አንቱ» እያለች ታነጋግራታለች፤ ዘንዶ ሲያከብሯት እንጂ ሲንቋት አትወድም። አንድ የጁምዓ ቀን ጎኗን አሳከካትና ክንፍ አበቀለች። ዘሀራ ወሬዋን እንደ እውነተኛ ወሬ በምስክር ታስደግፈዋለች፤ ጀውሃ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ምሳ ሊበላ ተቀምጦ ቀና ሲል ዘንዶዋን ከነልጅቷ አይቶ፣ ክትፎውን እንዳለ ትቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ አለችኝ። ክትፎውስ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳት። የምግብ ቤቱ ሴትዮ ለሌላ ሰው ሸጠችው አለችኝ። እኔም፣ ትንሽ ልቤ ያውቅ የነበረ ቢሆንም፣ አመንኳት ማለት ይቻላል። ወደ ቤቴ ስሄድ ሰማይ ሰማዩን አይ ነበር።

ልጅቷ ስም አልነበራትም። ለምን ስም አልሰጠሻትም ስላት «ስሟን ከጠራሁ ትሰማና ትወርዳለች፤ ከወረደች ወሬ የለም» አለችኝ።

እኔ ግን ነገሩ ከብዶኝ ነበር። ዘንዶ በጦር የሚወጋ እንጂ የሚታቀፍ አይደለም፤ ይህን በዓይኔ እያየሁ ያደግኩት ነው። ለዘሀራም ነገርኳት። በመጨረሻ ጊዮርጊስ መጥቶ ሊገድላት ነው አልኳት። እሷም ጊዮርጊስን በክፉ አታነሳም፤ እናቷ እትዬ ሐሊማ ራሷ ልጅ ሲታመምባት ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስላ አስገብታለች። «ጊዮርጊስ ጀግና ነው» አለች፣ «ጀግና ግን መጀመሪያ ይጠይቃል። ምን በላሽ ይላታል። ወተት ስትለው ፈረሱን ይመልሳል።»

አላረፍኩም፤ ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሚካኤል ሄጄ ነገርኳቸው። በቀን የዘንዶ ወሬ መስማት ኃጢአት ይሆን ወይ ብዬ። እሳቸው ሽንኩርታቸውን እየኮተኮቱ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ሰሙኝ። ዘንዶዋ ምን እንደምትበላ ጠየቁኝ። ወተት ነው አልኳቸው። ሰውስ በልታለች? አልበላችም። ማሽላውን ማን እየጠበቀው ነው ታዲያ አሉኝ። እኛው ነን አልኳቸው። «ወፉን ካልረሳችሁ ችግር የለውም፤ ሂጂ» አሉኝና፣ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ጠርተው «ልጅቷ ክንፍ ላይ ስትወጣ በምን ያዘች?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። በማግስቱ ከዘሀራ ጠይቄ ነገርኳቸው፤ በእናቷ መቀነት ነው።

ኅዳር ሲገባ የማሽላው ራስ ቀላ። እንዲህ ሲቀላ ሰው ሁሉ ፊቱ ይፈታል፤ የዘሀራ ፊት ግን ተቋጠረ። ጋሽ ይመር አሊዩ አምባ ላሉት ዘመዶቻቸው ቃል ሰጥተው ነበር፤ ማሽላው ይግባና የዘሀራ ኒካ ይታሰራል ብለው። ሰርጉ የሚደገሰው በዚያ ማሽላ ነው፤ ያለ ማሽላው ሰርግ የለም። ልጁ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አንድ ጊዜ መጥቶ አይታዋለች፤ ክፉ ነገር አላየችበትም፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል አለችኝ። እንቢ ለማለትም አልፈለገችም። «አልጠላሁትም» አለችኝ፣ «ግን እዚያ ለኔ ማማ የለም። ማሽላቸውን ሌላ ሰው ይጠብቃል። ቀትር ላይ ምን አደርጋለሁ?» እኔም ቀትር ላይ ምን እንደማደርግ እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሸቱ አልጣፈጠኝም። ማሽላው ደርቆ ለማጭድ በቀረበ ቁጥር ልቤም አብሮ የሚታጨድ ይመስለኛል። አባቴ ማምሻውን አንዱን ራስ በመዳፉ አሽቶ፣ ፍሬውን ነክሶ፣ «ደርሷል» ሲል ሰው እንደሞተብኝ ሆኜ ዞር አልኩ። ዘሀራ ደግሞ ወሬውን ማሳጠር ጀመረች። ዘንዶዋ ልጅቷን ይዛ የአንኮበርን ገደል አየች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የጨው አገር አየች፤ ግን ወሬው የሚጣፍጥበት ቦታ ሲደርስ ዝም ትላለች። ወሬ ሊያልቅባት የፈራች መሰለኝ።

አጨዳው ሊጀመር ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ጸሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ከአዋሽ በኩል ደመናው ተነሳ። እንዲህ ያለ ግሪሳ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ድምፁ እንደ ክረምት ጎርፍ ነበር። ጅራፌን አጮህኩት፣ ወንጭፌን ወረወርኩ፣ ጮህኩ። በየማማው ያለው ሁሉ ጮኸ። ደመናው ከኔ ማሳ ላይ ተጠማዘዘና የጋሽ ይመር ማሳ ላይ ወረደ። ከዚያ ማማ ድምፅ አልወጣም።

ዞር ስል ዘሀራ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ወንጭፏ ጭኗ ላይ ነው። ማሽላው በዙሪያዋ እየሰገደ ነው።

«ዘሀራ! ተኝተሻል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«አልተኛሁም። ወሬ አለኝ» አለች። ድምፅዋ ከወፎቹ ጫጫታ በላይ ጥርት ብሎ መጣ። «ልጅቷ ዘንዶዋን ለመነቻት። ‹እሜቴ፣ ዘንድሮን ብቻ ያቆዩልኝ› አለቻቸው። ዘንዶዋም ወፎቹን ጠራቻቸው።»

ገባኝ። ማሽላው ከተበላ ሰርጉ ለከርሞ ይተላለፋል። ከርሞ ጥቅምት እንደገና ማማው ይተከላል፣ ሾላዋ ሥር እንቀመጣለን፣ ትናንት እንዲህ ሆነ እንባባላለን። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልቤ ብሉት አለ። ለትንሽ ጊዜ፣ አንዲት ወፍ አንድ ፍሬ ፈልቅቃ እስክትውጥ ድረስ፣ ጅራፌን ይዤ ቆምኩ። ደግሞም ጋሽ ይመርን አሰብኩ፤ ከዚያ ማሳ ሌላ ማሳ የላቸውም፤ የዘሀራ ታናናሾች ማታ ማታ ከእትዬ ሐሊማ ጉልበት ሥር ተደርድረው የሚበሉት ቂጣ እዚያ እየተበላ ያለው ማሽላ ነው። እህል ሲጠፋ እያየ ዝም የሚል ሰው በእኛ ዘንድ የለም፤ ጠላቱም ቢሆን ይጮኻል።

ከማማዬ ወረድኩ ሳይሆን ዘለልኩ። ቦዩን ተሻገርኩ፤ ጭቃው ጫማዬን አስቀረው። የእሷ ማማ ላይ ወጣሁና ወንጭፉን ከጭኗ አንስቼ መወርወር ጀመርኩ። ዘሀራ አላገደችኝም። አየችኝ። ጠጠሬ ሲያልቅብኝ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ፤ መዳፌ ላይ ጠጠር አኖረችልኝ። ወረወርኩ፣ ሌላ አኖረችልኝ። እንደዚያ እንደሆንን፣ እሷ እያቀበለች እኔ እየወረወርኩ፣ ደመናው አንድ ጊዜ ተነቃነቀ፣ ተነሳ፣ ወደ መጣበት ተመለሰ። ከማሳው ዳርና ዳሩ ተበልቷል። መሀሉ ተርፏል።

ወንጭፉን መልሼ ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

«አይ ጊዮርጊስ» አለችኝ ዘሀራ። «ሳትጠይቂ ነው የምትወጊው አይደል?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰብሮ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ማማ ላይ ለሁለት ሰው ቦታ ስለሌለ ተቃቅፈን ነው የተቀመጥነው። ጋሽ ይመር ሮጠው ሲደርሱ እንደዚያ ሆነን አገኙን። ስለ ማሽላው ያለቀስን መስሏቸው «አይዟችሁ ልጆቼ፣ መሀሉ ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ» እያሉ አጽናኑን። በዚያው ሳምንት ታጨደ።

ሙሽሮቹ የሄዱት በቆላው መንገድ፣ በበቅሎ ነው። ዘሀራ ተሸፋፍና በበቅሎ ስትቀመጥ እርካቡን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ እትዬ ሐሊማ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። ሊነሱ ሲሉ ያንኑ ጠየቅኳት።

«መጨረሻዋስ? ልጅቷ ምን ሆነች?»

ከሽፋኑ ሥር ድምፅዋ መጣ፤ ያው የቀትር ድምፅዋ ነበር። «ገና አልሆነማ። ወሬ እኮ ነው፤ ተረት ቢሆን ኖሮ እጨርስልሽ ነበር። ሲሆን እልክብሻለሁ።»

በዚያ ቀን እትዬ ሐሊማ ቤቷን አልጠረገችም፤ መንገደኛ የወጣበት ቤት ቶሎ ከተጠረገ መንገደኛው አይመለስም ይባላል። አባቴ የማማዬን እንጨት ለማገዶ ሊያወርደው ሲል እኔም እንዲተወው ለመንኩት፤ ማማው እስከ በልግ ድረስ ባዶ ማሳ ላይ ብቻውን ቆመ።

በቀጣዩ ዓመት የሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ከእናቴ ጋር ሽንኩርት ስንሸጥ አንዲት የአሊዩ አምባ ጥጥ ነጋዴ ፈልጋ አገኘችኝ። እትዬ ሰዲያ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነች፣ ነገር ሳታጣራ የማትለቅ ሴት ናት። «ዘሀራ ልካኝ ነው» አለችኝ። «ልጅቷ የጨው አገሩን ተሻገረች በያት አለችኝ። ይሄን ብቻ። ምን ማለት ነው? አረገዘች ማለት ነው?»

ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ሳቅም መጣብኝ። አይደለም፣ ሰምቻለሁ በያት አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ወሬው በየጊዜው ይመጣል። ዘንዶዋ ታማ ነበር፣ ተሻላት። ልጅቷ መቀነቷ ተበጠሰ፣ በሌላ ቋጠረችው። በዚያ ጊዜ ዘሀራ የመጀመሪያ ልጇን ቀብራ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው። እትዬ ሰዲያ መልእክቱን ከማድረሷ በፊት አስቀምጣኝ የበፊቱን ታስደግመኝ ጀመር። በኋላም ራሷ ጨመረችበት፤ «ይሄኛው ግን የኔ ግምት ነው» ትልና ዘንዶዋን ትድራታለች። አጠገባችን ያሉ ሽንኩርት ሻጮችም ጆሯቸውን ይጥላሉ። ገበያው ውስጥ በጠራራ ጸሐይ ተረት ይነገራል ብሎ ማንም አልተቆጣም፤ ወሬ ነዋ።

ከዚያ እኔም ተዳርኩ። ባሌ አስተማሪ ነበር፤ አዲስ አበባ ወሰደኝ። አውቶቡሱ የደብረ ሲናን ዳገት ሲወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ከኋላዬ ያለውን ቆላ አንድ ጊዜ ለማየት ብጠርገው ብጠርገው ነጭ ብቻ ነበር። እናቴ በመጣች ቁጥር ከሎሚው ጋር አንድ ሁለት ወሬ ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ልሄድ፣ አሊዩ አምባ ወርጄ ላያት፣ በየዓመቱ አስባለሁ፤ በየዓመቱ ወይ ልጅ ይወለዳል ወይ ሰው ይታመማል። እትዬ ሰዲያ ሞተች፣ ነፍሷን ይማርና። እናቴም ሄደች። ባሌን ቀበርኩ፣ ልጄ ወደዚህ አመጣችኝ፣ ወሬው ቆመ።

እዚህ የጎደለብኝ ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤቱ ይሞቃል፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ፣ ልጆቼ ያከብሩኛል። ስልኬም ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። ግን ቀትር ሲሆን፣ እዚህ ቀትር መሆኑን የምታውቀው ሰዓት አይተህ ቢሆንም፣ እጄ መስኮቱ ላይ ይሆናል። ከቦዩ ማዶ «ወሬ አለኝ» የሚለኝን ድምፅ ነው የምጠብቀው። የተጠበሰ እሸት ሽታ አፍንጫዬ ሥር ይመጣና፣ ዞር ስል የጎረቤት ዓሣ ነው።

ሶልያና እስከዚህ ድረስ ሰምታ መጽሐፏን ዘጋች። «ታዲያ ጠይቂያት» አለች። እንደ ቀላል ነገር። እኔ ለዓመታት የከበደኝን።

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው የወንድሜ ልጅ አለ፤ ተፈራ ይባላል። ደወልኩለት። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ወደ ሱቅህ ሲመጣ፣ ዘሀራ ይመር የምትባል ሴት በሕይወት እንዳለች ጠይቅልኝ፤ ካለች ‹ልጅቷ ምን ሆነች› በሉልኝ አልኩት። «አክስትዬ፣ የማን ልጅ?» አለኝ። ዝም ብለህ እንዳልኩህ አድርስ አልኩት።

ፍልሰታ ተፈታ፣ መስቀል አለፈ፣ ጽጌ ገባ። ማኅሌተ ጽጌ ቆመን ባደርንበት እሁድ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ተፈራ ደወለ። መጀመሪያ ስለ ማሽላው ነገረኝ፤ ዘንድሮ ደህና አፍርቷል፣ ግሪሳውም መጥቶ ነበር። እኔ አንድ ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ነኝ፣ እሱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል። ከዚያ «ያ የላክሽኝ ነገርስ» አለ። አንድ ነጋዴ መልስ ይዞ መጥቷል። አሮጊት ናት አለ፤ ዓይኗ ደክሟል፣ በልጅ ልጇ ትከሻ ነው የምትሄደው። መልእክቱን ስትሰማ ሳቀችና፣ ነጋዴውን አስቀምጣ ቃል በቃል አስጠናችው።

«ምን አለች?»

ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሰው ቃል እንደሚያደርስ ሰው። «‹ልጅቷ ገና አልወረደችም። ዘንዶዋም አርጅታለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትበረው። ጊዮርጊስ ፈረሱን ይዞ ሥር ቆሟል፤ እየጠበቃት ነው። ሲሆን እልክብሻለሁ› አለች።» ከዚያም ቆይቶ «አክስትዬ፣ ገባሽ? እኔ አልገባኝም» አለኝ።

ገባኝ አልኩት። ሰምቻለሁ በላት አልኩት።

ለሶልያና ስነግራት ተናደደች። መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻ አለው፤ የእሷ እንኳ በዚህ ሳምንት ያልቃል አለችኝ። የእኛ መጽሐፍ አይደለም፣ ወሬ ነው አልኳት። ውጭው ዝናብ ነበር፤ መሽቶ ይሁን ነግቶ አይለይም፣ ሰዓቱ ግን ቀትር ይላል። የማሽላ እሸት ባይኖርም የበቆሎ እሸት ከሱቅ አምጥታ ነበርና ምድጃው ውስጥ ጠበስነው። ጠረኑ ተመሳሳይ አይደለም፤ ቢሆንም አመድ ያለበት ይመስል እፍ ብዬ ሰጠኋት።

ቀን ተረት ያወራ መንገድ ይጠፋበታል ይባላል። ብዙ ጊዜ፣ በዚህ አገር ጭጋግ ውስጥ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ እውነት ይሆን ብዬ አስቤያለሁ። ግን እኔና ዘሀራ ተረት አላወራንም። ትናንት የሆነውን ነው ያወራነው፤ ነገ የሚሆነው ደግሞ ገና አልደረሰንም።